የቅዳሜ ባልዲ

በሙቅ ውሃ ገንዳችን፣ በጃኩዚው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ነገር በየጠዋቱ በወንፊት የምለቅመው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ መዝናናት ማንም እንዳያወራኝ።

ክዳኑን ሳነሳ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሽታው ነው። ክሎሪን፣ ላብ፣ የሰው ሽቶና እርጥብ ካልሲ አንድ ላይ ሞቀው ፊቴን ይመቱኛል። ቀጥሎ አረፋው አለ። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አድሮም አረፋው አይጠፋም፤ ጥግ ጥጉን ይዞ፣ ቡናማ ሆኖ ይጠብቀኛል። በገንዳው ዙሪያ፣ ልክ ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ፣ የሰው ቅባት ቀለበት ሠርቷል። በጣቴ ስነካው ያንሸራትታል። በስፖንጅ ስፈትገው ደግሞ ስፖንጁ ላይ ይጣበቅና ያንን ስፖንጅ የሚያጥብ ሌላ ስፖንጅ ያስፈልገኛል። ማጣሪያውንማ ተዉት። ማጣሪያውን የምከፍተው አፍንጫዬን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ ነው። ፀጉር በየዓይነቱ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የተረከዝ ቆዳ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጥርስ አግኝቻለሁ። ጥርሱን በናፕኪን ጠቅልዬ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። የእኔ ነው ያለ ሰው አልመጣም።

በቤቱ ውስጥ ቅጽል ስሜ ወይዘሮ ኤጭ ነው። ያወጣልኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እሱን ደግሞ ሁላችንም ፕሮጀክት እንለዋለን፤ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ፕሮጀክት አጥቶ አያውቅማ። ጫጩት ማስፈልፈያ ጀምሮ ጫጩቶቹ አለቁበት። የጫማ መጥረጊያ ማሽን ገዝቶ ማሽኑ የሰው ጫማ በላ። ክፉ ሰው አይደለም። ሲያወራ ግን የሚናገረውን ራሱ ቀድሞ የሚያምን ሰው ነው፤ እንደሱ ያለውን ሰው ደግሞ መጥላትም ማመንም ያስቸግራል።

የእንፋሎት ቤቱን የሠሩት አባባ ናቸው፤ የባሌ አባት። አናጢ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ጣውላውን በገዛ እጃቸው ልገው፣ አንድ ሚስማር ሳይመቱ እያጋጠሙ ነው ያቆሙት። ሚስማር ይግልና የሰው ጀርባ ያቃጥላል ይላሉ። መሃል ላይ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የድንጋይ ክምር፣ ዙሪያውን ርብራብ መቀመጫ፤ ሌላ ምንም የለውም። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ ይፈስሳል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ሰው ላቡን ያወጣል፣ ወጥቶ ይታጠባል፣ በቃ። ሳይታጠብ የገባን ሰው አባባ በር ላይ ቆመው ይመልሱታል፤ ሹም ቢሆን ግድ የላቸውም።

ከሁሉም በላይ የሚጠነቀቁት ግን ለባልዲው ነበር። ድንጋዩ ላይ የሚፈሰውን ውሃ የቀዳ ሰው፣ ጭልፋውን ለሌላ ከማቀበሉ በፊት ራሱ አንድ ጊዜ ይጎነጭለታል። "አንቺ የማትውጪውን ውሃ ለሰው ሳንባ አትስጪ" አሉኝ፣ ገና የተጋባን ሰሞን። ያኔ ሳቄን ዋጥኩት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የአባባን ባልዲ የምቀዳው እኔ ነኝ። የወለዷቸው ሁለት ወንዶች አሉ፤ እሳቸው ግን እኔን መረጡ። "እሷ ትጸየፋለች። የሚጸየፍ ሰው ውሃ ላይ አያጭበረብርም" ብለው ለልጆቻቸው ሲናገሩ ከበር ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ብዙ ሰው በተጸያፊነቴ ስቆብኛል፤ በሱ ያመሰገኑኝ አባባ ብቻ ናቸው።

ሥርዓታችን እንዲህ ነው። ባልዲውን አስቀምጣለሁ፣ በጭልፋው እቀዳለሁ፣ እጎነጫለሁ። አባባ በዚያ ሰዓት ፊታቸውን ወደ ድንጋዮቹ አዙረው ይጠብቁኛል። ዞር ብለው አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፣ ጭልፋውን አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያፈስሳሉ፣ እኔ እወጣለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፕሮጀክት ከአንድ ሊዘጋ ከነበረ ሆቴል ያገለገለ ጃኩዚ ገዝቶ መጣ። ስድስት ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው። "ሁለት በአንድ!" አለ፣ እጁን እያፋተገ። "ሳውና ከጃኩዚ! ሰው ያልበዋል፣ ዘፍ ይላል። እንደገና ያልበዋል፣ እንደገና ዘፍ! ከተማው ውስጥ ማን አለው?"

ማንም አልነበረውም። ቦታ ለማግኘት መታጠቢያ ክፍሉን አፈረሰው። ገንዳውን ለመሙላት ደግሞ ከእንፋሎት ቤቱ በር አጠገብ የነበረችውን አንዲት ቧንቧ ወደዚያ ጠመዘዛት፤ ለባልዲው የቀረን ግቢው ማዶ ያለው ቧንቧ ብቻ ሆነ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ዙሪያውን አዩት።

"በመሃል የሚታጠቡት የት ነው?" አሉ።

"አባባ ደግሞ! ራሱ ውሃ አይደል እንዴ? እሱ ውስጥ ይታጠባሉ!"

አባባ ጃኩዚውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱና ሄዱ። እኔ ያን ቀን ማጣሪያ የሚባል ነገር መኖሩን ገና አላወቅኩም ነበር።

ሰዉ ጎረፈ፤ ይህን አልክድም። ሥጋ ሻጩ ከሥራው ቀጥታ ይመጣል፤ ክንዱ ላይ ያለው ደም ሳይደርቅ ያልበዋል፣ ከዚያ ዘፍ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኞቹን አንገታቸው ላይ የተቆረጠ ፀጉር እንዳለ ይልክልናል፣ እነሱም ዘፍ። ጀርባው ላይ ቅባት የሚቀባ አንድ ጡረተኛ አለ፤ እሱ ሲወጣ ውሃው ላይ የዘይት ዓይን ይቀራል። ማስቲካውን ገንዳው ጠርዝ ላይ ለጥፎ ገብቶ፣ ሲወጣ መልሶ አፉ ውስጥ የሚከት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የእሱ መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም። ሁሉም አንገታቸው ድረስ ተነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "አቤት፣ ነፍስ ዘራሁ!" ይላሉ። አንዱ ሲስቅ ውሃው አፉ ውስጥ ይገባል፤ እንትፍ ብሎ መልሶ እዚያው ይተፋዋል። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ አያለሁ። ሾርባው እለዋለሁ በሆዴ። ሰው የተቀቀለበት ሾርባ።

"ውሃው ይቀየር" እላለሁ።

"ለመሞቅ እኮ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ እታለም" ይለኛል ፕሮጀክት። "በየሳምንቱ ይቀየር የለ? ደግሞ ክሎሪን አለ።"

"ክሎሪን ጸበል ነው እንዴ?"

"ወይዘሮ ኤጭ!" ብሎ ይስቃል፣ ደንበኞቹም አብረውት ይስቃሉ።

አንድ ቀን የምድጃውን ድንጋዮች ልጠርግ አወጣኋቸው። ድሮ ሳወጣቸው ጥቁርና ንጹሕ ነበሩ። አሁን ቢጫ ቅርፊት ለብሰዋል፤ ድስት ላይ ያረረ ወተት ይመስላል። በቢላዋ ፋቅኩትና አሸተትኩት። የሾርባው ሽታ ነው። ውጭ ሮጬ ወጥቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ለካ ባልዲው ሲያልቅ ግቢው ማዶ ቧንቧ ድረስ ማን ይሂድ፣ ደንበኞቹ እዚያው ከገንዳው እየቀዱ ነው ድንጋዩ ላይ የሚያፈስሱት! አንዱ የሌላውን ላብ፣ የሌላውን ቅባት፣ የሌላውን ተረከዝ እያተነነ በአፍንጫው ሲስብ ከርሟል። ሥጋ ሻጩን ስጠይቀው ጭራሽ አመሰገነኝ። "የገንዳው ውሃ እኮ እንፋሎቱን ለስለስ ያደርገዋል" አለ።

ጮህኩ። በጩኸቴ ብዛት ፕሮጀክት ከገንዳው መቅዳት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ የጭልፋ መስቀያ መታ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ የማላውቀው ነገር እንዳልነበረ እንድታውቁት ነው። ያቺን ቅዳሜ ያደረግኩትን ያደረግኩት ሳላውቅ አይደለም።

ያቺ ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ወገቤ ተይዟል፤ ጎንበስ ስል እንደ መርፌ ይወጋኛል። አርፍጄ ስለተነሳሁ እሳቱን ያያያዝኩት ዘግይቼ ነው። ግቢው ጭቃ ሆኗል፣ ቧንቧው ማዶ ነው፣ ባልዲው ሲሞላ ይከብዳል። ጃኩዚው ግን እዚሁ፣ ከእግሬ ሥር፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ፕሮጀክት ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ።

"ምን ያንከላውስሻል በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ወገብ? ከዚህ ቅጂላቸው። ትናንት ቀይሬዋለሁ፣ ንጹሕ ነው።"

"ቀይረኸዋል?"

"አባባ ይሙቱ!"

ውሃውን አየሁት። ጠራ ያለ ይመስላል። ጥግ ላይ ግን አረፋ አለ፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ የማውቀው አረፋ። በአዲስ ውሃ ላይ እንዲህ ያለ አረፋ እንደማይኖር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ የለም። አየሁትና ዓይኔን መለስኩ። ቀይሬዋለሁ ብሏል አይደል፣ አልኩ ለራሴ። አባባ ይሙቱ ብሎ ምሏል። ባልዲውን አጠለቅኩት።

አባባ ፎጣቸውን አንጥፈው፣ እንደ ወትሯቸው ፊታቸውን ወደ ድንጋዮቹ አድርገው ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ቀጥኗል፤ የትከሻቸው አጥንት በቆዳቸው ሥር ይታያል። ክረምቱን ሲያስላቸው ከርሞ ገና ማገገማቸው ነበር። ለደረታቸው የሚሻላቸው ይህች የቅዳሜ እንፋሎት ብቻ ናት።

ቀዳሁ። ጭልፋውን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ከንፈሬን ሲነካኝ ለብ ያለ ነው። ሽታው መጣ። ያ ጥርስ ትዝ አለኝ፤ ያ ማስቲካ፣ ያ የዘይት ዓይን ሁሉ ትዝ አለኝ። ከንፈሬን ብቻ አርሼ፣ በእጅጌዬ ጠረግኩና ጭልፋውን አቀበልኳቸው።

አባባ ወዲያው አላፈሰሱም። ጭልፋውን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

"ይኸው ነው?" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

"ይኸው ነው አባባ" አልኩ።

አፈሰሱት። ሌላ ጊዜ ድንጋዩ ሿ ብሎ ይጮኻል። ያን ቀን ግን ገና በደንብ አልጋለም ነበርና ጭስስ አለ፤ ውሃው ተፈናጥሮ እንደ ጉም ፊታቸው ላይ ተበተነ። በረጅሙ ሳቡት። ሁለተኛም ቀድተው አፈሰሱ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አሉ። ወጥቼ፣ ጓሮ ሄጄ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አፌን አምስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ። እሳቸው እየሳቡት እኔ አፌን ታጠብኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከገንዳው ሁሉ፣ ከማጣሪያው ሁሉ፣ ከዚያ ጥርስ ሁሉ በላይ የሚቀፈኝ ይሄ ነው።

በአምስተኛው ቀን አባባን ትኩሳት ያዛቸው። በስድስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ገቡ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልሠራም። አፋቸው ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎላቸው፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ብርድ ልብሱ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወድቃል። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ እቆጥራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እርጅና ነው፣ ክረምቱ ነው፣ ያው የቆየ ደረታቸው ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ምግብ ሲቀርብልኝ ግን አይወርድልኝም።

ሆስፒታል በገቡ በአራተኛው ቀን የምታክማቸው ሐኪም እኛን ኮሪደር ላይ ሰበሰበችን፤ ባሌን፣ ፕሮጀክትንና እኔን። ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል።

"የምንሰጣቸው መድኃኒት አልያዘላቸውም" አለች። "ከመታመማቸው በፊት ምን ውሃ አጠገብ ነበሩ? የቆመ ሙቅ ውሃ፣ ገንዳ፣ ተን? ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ የሚራባ ተሕዋስ አለ፤ ሰው ተኑን ሲስብ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እሱ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ምርመራውን ልኬያለሁ፣ ግን ይቆያል። ልባቸውና ኩላሊታቸው ደካማ ስለሆነ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ በግምት ልጨምርባቸው አልችልም። ምክንያት ካለኝ ግን አሁኑኑ እጀምርላቸዋለሁ።"

"ገንዳማ አለን" አለ ፕሮጀክት። "እሳቸው ግን አንድ ቀን ገብተውበት አያውቁም። እንፋሎት ቤት ብቻ ነው የሚገቡት።"

"እንፋሎቱ ከምን ውሃ ነው?"

"ከቧንቧ ነዋ! የምትቀዳላቸው እሷ ናት።" እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ፊቱ ላይ ኩራት ነበረበት። "እሷን ይጠይቋት። ዶክተር፣ ይህች ማለት ሌላ ሰው የነካውን ማንኪያ የማትነካ ሴት ናት። ወይዘሮ ኤጭ ነው የምንላት።"

"እሷማ አትጠረጠርም" አለ ባሌ፣ ትከሻዬን ይዞ። "ቀምሳ ነው የምትሰጣቸው። የአባባ ሕግ ነው።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "የቧንቧ ውሃ ነበር?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሁሉም አዎውን አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። የባሌ እጅ ትከሻዬ ላይ ይሞቃል። በበሩ መስታወት በኩል ደግሞ ብርድ ልብሱ ሲነሳና ሲወድቅ ይታየኛል።

"አይደለም" አልኩ። "ከገንዳው ነው።"

የባሌ እጅ ተነሳ።

"እኔ እኮ..." አለ ፕሮጀክት፤ አቋረጥኩት።

"አልቀየርከውም። አረፋውን አይቻለሁ። እያየሁ ነው የቀዳሁት።"

"ክሎሪን ጨምሬበት ነበር" አለ በቀጭን ድምፅ፣ እንደ ሕፃን።

"ድንጋዩስ ግሎ ነበር?" አለች ሐኪሟ፣ ብዕሯን እየፈለገች።

"አልጋለም። ውሃው ፊታቸው ላይ ተበትኗል።"

"ከዚያ ውሃ እርስዎም ቀምሰዋል?"

"አልቀመስኩም። የቀመስኩ አስመስዬ ሰጠኋቸው።"

"ለምን?"

ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ። "ቀፈፈኝ" አልኩ።

ሐኪሟ እየተጣደፈች ሄደች። ባሌ እኔን ሳይሆን ጫማውን ነበር የሚያየው።

መድኃኒቱ ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ፣ በአምስተኛው ጭንብሉ ተነሳላቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቄ ገባሁ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ስትውጪ ጉሮሮሽ ጉልጭ ይላል" አሉ። ድምፃቸው ገና የሻከረ ነው። "ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼሽ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን አልሰማሁም።"

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ለምን አፈሰሱት አባባ?"

"ጠየቅኩሽ እኮ። ይኸው ነው አልሽኝ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ከጆሮዬ ይልቅ አንቺን አመንኩ።"

ጃኩዚው አሁን ጓሮ ተገልብጦ ዝናብ ይመታዋል። ፕሮጀክት ማንም ሳይነግረው በራሱ ጊዜ ቧንቧዋን ወደ ቦታዋ መልሶ፣ መታጠቢያ ክፍሉንም እየሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ኤጭ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፍቄ መለስኳቸው። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው የመጡ ዕለት ባልዲውን ባሌ የሚቀዳላቸው መስሎኝ ዳር ቆሜ ነበር። "የት ሄደች?" አሉ።

ቀዳሁ። ጭልፋውን ወደ አፌ አስጠጋሁና ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው። እንደ ድሮው እጃቸው ወደ ኋላ እስኪዘረጋ ጠበቅኩ፤ አልተዘረጋም። ቀና ስል ወደ እኔ ዞረው ተቀምጠዋል።

እስከ ዛሬ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዚያው ነው። ወደ ድንጋዮቹ አይዞሩም። ፎጣቸው ላይ ተቀምጠው ጉሮሮዬን ያያሉ።